የአደይ አበባ ፎቶ ለምን ይበላሻል? በስልክም በካሜራም ጥርት አድርጎ ለማንሳት ዝርዝር መመሪያ

የአደይ አበባ ፎቶ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ነው። ቢጫው ብርሃን በዝቶበት ይቃጠልና አበባው ቀለም የተቀባ ወረቀት ይመስላል። ወይ ነፋሱ ወይ እጃችን ይነቀንቀውና ብዥ ይላል። አለዚያ ደግሞ ከኋላው ካለው ሣር፣ አጥርና የመብራት ገመድ ጋር ይደባለቅና ዓይን የቱ ላይ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ሦስቱንም ለማስተካከል ካሜራ መቀየር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ አበባ መምረጥ፣ ከዚያ ቦታ መያዝ፣ ከዚያ ፎከስ (ጥርት የሚለውን ቦታ መወሰን)፤ የካሜራውን ቁጥሮች መነካካት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጀማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ በስልኩ ለሚያነሳና ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣውን 18-55 ሌንስ (ዙሙ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄደውን) ይዞ ለሚወጣ። ሌላ ሌንስ አትግዙ፤ ቢያንስ ይህን መስከረም ባላችሁ ሥሩበት።

ደረጃ 1፦ ከዋዜማው ተዘጋጁ

ጠዋት ሜዳ ላይ ቆሞ ሴቲንግ መፈለግ ጥሩውን ብርሃን ያሳልፋል። ማታ ጨርሱት።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦

- ስስ ነጭ ነጠላ። ፀሐይ ስትበረታ ብርሃን ማለስለሻ ይሆናል። ሥራ ላይ የሚውለው ጥለት የሌለው መሃሉ ነው።
- አንድ ወይም ሁለት ኤ4 ነጭ ወረቀት።
- ሁለት ትልልቅ ፌስታል። አንዱ ለጉልበታችሁ፣ አንዱ ለካሜራው። መስከረም መጀመሪያ ላይ መሬቱ ገና ጭቃ ነው፣ ዝናቡም ጨርሶ አልወጣም።
- የልብስ መቆንጠጫና ቀጭን ዱላ።
- የመነጽር መጥረጊያ ወይም ንፁህ ለስላሳ ጨርቅ።

ስልክ የምትጠቀሙ፦ ፍላሹን አጥፉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን የግሪድ መስመሮች አብሩ። ቀለም የሚያደምቁ ፊልተሮችን፣ "ሲን" ወይም "ኤአይ" እያሉ ራሳቸው አበባ መሆኑን አውቀው ቀለም የሚጨምሩትን ሁሉ አጥፉ። አደይ አበባ በተፈጥሮው ደማቅ ነው፤ ሌላ ቀለም ሲደረብበት ዝርዝሩ ይጠፋል።

ካሜራ የምትጠቀሙ፦ የፋይሉን ዓይነት ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው) ከጄፔግ (ከተለመደው የፎቶ ፋይል) ጋር አድርጉት። የቀለም ስታይሉን "ቪቪድ" ላይ ከሆነ ወደ "ኒውትራል" ቀይሩት። የተቃጠለ ቦታን ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አብሩት። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) ከአውቶ አውጡና የፀሐይ ምልክት ያለው ላይ አድርጉት፤ ደመና ከሆነ የደመናው ላይ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ቢጫው ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው "ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል" ብሎ ያስብና ሰማያዊ ይጨምርበታል።

ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ሌንሱን ጥረጉ። በተለይ ስልክ። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ፀሐይ ሲያገኘው ፎቶውን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ሰው ግን ስልኩ አርጅቶ ይመስለዋል።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ምረጡ

መስከረም ላይ አዲስ አበባ አካባቢ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች። ከዚያ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም፣ አበባው ላይ ጤዛ አለ። ጠዋት ካልሆነላችሁ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ እስክትጠልቅ ያለውን ተጠቀሙ። እንደ እንጦጦ ያለ ተራራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የቆማችሁበትን ጎን ተመልከቱ፤ አንዱ ጎን ፀሐይ ሲያገኝ ሌላው ገና ጥላ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቀትር ላይ አታንሱ። በዚህ ወር የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሞላ ጎደል አናት ላይ ናት። ወደ ላይ የዞረ አበባ ፊቱ ይቃጠላል፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

ደመና ያለበት ቀን "ዛሬ አይሆንም" ብላችሁ አትቅሩ። ለአበባ ደመና ከጠራራ ፀሐይ በጣም ይሻላል። ቀለሙ ይረጋል፣ ጥላው ይለሰልሳል፣ ቢጫውም እንደ ልብ ይያዛል።

ፀሐይ ካለች አበባው በጎኑ እንዲበራለት ሆናችሁ ቁሙ። ፀሐይን ከጀርባችሁ ካደረጋችሁ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ አበባው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የራሳችሁ ጥላም ያርፍበታል። ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ፀሐይን ከአበባው ኋላ አድርጋችሁ ሞክሩ። የአበባው ቢጫ ቅጠል ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ያልፍበትና ከውስጥ ይበራል። ያኔ ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ እንዳትገባ በእጃችሁ ከልሏት።

ያላችሁ ጊዜ ቀትር ብቻ ከሆነስ? አንድ ሰው ነጠላውን ወጥሮ ከአበባው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በፀሐይና በአበባው መካከል ይያዝላችሁ። ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ጥላ ያለበት ባክግራውንድ መምረጥም አለባችሁ፤ አበባው ለስላሳ ብርሃን ላይ ሆኖ ከኋላው ያለው ሣር ፀሐይ ከመታው ሣሩ ነጭ ይሆንና ዓይን ወደዚያ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ አንድ አበባ ምረጡ

ሜዳው ሙሉ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ሁሉንም በአንድ ፎቶ ለመያዝ ያጓጓል። ውጤቱ ግን ነጠብጣብ ብቻ ነው። አንድ ምረጡ። ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ወይም ከመንጋው ጠርዝ ላይ ያለ ይሁን።

ከመረጣችሁ በኋላ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉን ትል በልቶታል? ጫፉ ጠውልጓል? መሃል ያለው ክብ ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ዳሩ ተከፍቶ መሃሉ ገና ያልተከፈተው ትኩስ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተና የተበታተነ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ሜዳው ላይ አበባ አይጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ መፈለግ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ከማስተካከል ይሻላል።

ተጠንቀቁ፦

- ከመንበርከካችሁ በፊት ሳማ አለመኖሩን እዩ።
- ንብ አደይ አበባን ትወዳለች። አትከላከሏት፣ ቀስ ብላችሁ ጠብቁ። አካባቢው ቀፎ ካለው ከፊቱ አትቁሙ።
- የገበሬ ማሳ ከሆነ አስፈቅዱ፤ ፈቅዶላችሁም ቢሆን ሰብሉን አትርገጡ።
- እንደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያለ ግቢ ስትገቡ ካሜራ ይዞ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ በር ላይ ጠይቁ። አበባ አትቁረጡ።

ደረጃ 4፦ ዝቅ በሉ፣ ባክግራውንዱን አጽዱ

አብዛኛው ፎቶ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰው ቆሞ ወደ ታች ያነሳል። እንዲያ ሲሆን ከአበባው ኋላ ያለው መሬት ነው፣ መሬቱም ቅርብ ስለሆነ እሱም ጥርት ብሎ ይወጣል። አበባውና ሣሩ እኩል ጎልተው ይጣላሉ።

1. ፌስታሉን አንጥፉና ተንበርከኩ። ሌንሱ ከአበባው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። በስልክ ከሆነ ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ ወደ ታች ሲመጣ መሬት ድረስ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ።

2. እናንተ ወደ አበባው ቅረቡ፣ ከኋላው ያለው ነገር ግን ራቅ ያለ ይሁን። አበባው ከሌንሱ 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ከራቀ ኋላው ራሱ ይለሰልሳል። ይህን ርቀት ሳታስተካክሉ ቁጥር ብትነካኩ ብዙ ለውጥ አታገኙም።

3. ካሜራ ከሆነ ዙሙን 55 ላይ አድርጉ። ከዚያ ፎከስ እምቢ እስኪል ቅረቡና ትንሽ መለስ በሉ። እነዚህ ሌንሶች አብዛኞቹ ከ25 እስከ 28 ሴንቲሜትር ድረስ ያስጠጋሉ። ልኬቱ ከሌንሱ ጫፍ አይጀምርም፤ ካሜራው አናት ላይ መስመር የተሰመረበት ትንሽ ክብ ምልክት አለ፣ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

4. ስልክ ከሆነ አፍንጫው ድረስ አትጠጉ። ብዙ ስልክ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ፎከስ አያደርግም፤ አንዳንድ አዳዲሶቹ እንዲያውም ከዚያም የበለጠ ርቀት ይፈልጋሉ። መለስ በሉና 2 እጥፍ ዙም ተጠቀሙ። ስትጠጉ ስልኩ በራሱ ወደ ማክሮ (በጣም በቅርብ ማንሻ) የሚቀይር ከሆነ አጥፉት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሰፊው ሌንስ ስለሚሄድ ኋላ ያለው ሁሉ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል።

5. አሁን አበባውን ተዉትና አራቱን ማዕዘኖች ብቻ እዩ። ገመድ? የውሃ ላስቲክ? ነጭ ድንጋይ? ግማሽ የተቆረጠ ሌላ አበባ? ካለ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሂዱ። አንድ እርምጃ ባክግራውንዱን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ፊት ለፊት የተጋረጠ ሣር ካለ አትንቀሉት፣ ጎንበስ አድርጋችሁ በሌላ ሣር ያዙት።

ለቢጫ የሚስማማው ኋላ ጠቆር ያለ ነገር ነው፤ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ የቁጥቋጦ ውስጥ ጨለማ፣ ራቅ ያለ ተራራ። ሰማይ ከመረጣችሁ ሰማያዊ ይሁን። በነጭ ሰማይ ላይ አበባው ይጠቁራል።

የስልክ "ፖርትሬት" ሞድ ኋላውን ያደበዝዛል፣ ግን የቅጠሉን ጫፍ አብሮ ይበላዋል፣ ዘንጉንም ያጠፋዋል። ፎቶውን አጉልታችሁ ብታዩት ይገባችኋል። ከላይ እንዳልነው ርቀቱን አስተካክሎ ኋላውን ማለስለስ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ነፋሱን ጠብቁ

አደይ አበባ ዘንጉ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆማችሁ በሰውነታችሁ ከልሉት። ዱላውን ከፍሬሙ ውጭ ትከሉና ዘንጉን ዝቅ ብሎ ካለው ክፍል በመቆንጠጫ ላላ አድርጋችሁ አስደግፉት። ቆንጥጣችሁ አትጭመቁት፣ ይሰበራል። ከዚያ ጠብቁ። ነፋስ በየመሃሉ ፋታ ይሰጣል፤ ያቺን ፋታ ነው የምትፈልጉት።

ደረጃ 6፦ ፎከሱ የት ይረፍ?

በቅርብ ስታነሱ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ስስ ነው። አንዳንዴ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ስለዚህ ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ አትተዉት፤ ኋላ ያለውን ሣር ይመርጣል።

በስልክ፦ የአበባውን መሃል ተጭናችሁ ያዙ። "መቆለፉን" የሚያሳይ ምልክት ይመጣል። ከተቆለፈ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም አትንቀሳቀሱ፤ ከተንቀሳቀሳችሁ እንደገና ቆልፉ።

በካሜራ፦ ፎከሱን አንድ ነጥብ ላይ አድርጉና ነጥቡን የአበባው መሃል ላይ፣ ወደ እናንተ በቀረበው ጠርዝ ላይ አሳርፉ። የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ተጭናችሁ ሲይዝላችሁ ጨርሱት። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው፣ ግማሽ ተጭኖ ከያዘ በኋላ ፍሬሙን ለማስተካከል ዘንበል ይላል፤ በዚህ ርቀት ሁለት ሴንቲሜትር መወዛወዝ ፎከሱን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ነጥቡን አንቀሳቅሱ፣ ሰውነታችሁን አታንቀሳቅሱ።

አበባው ሙሉ በሙሉ ጥርት እንዲል ከፈለጋችሁ ሌንሱ የአበባውን ፊት ቀጥ ብሎ ይመልከተው። ከጎን ካነሳችሁት የፊቱ ቅጠል ጥርት ብሎ የኋላው ይደበዝዛል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የፊቱ ጥርት እስካለ ድረስ ያምራል። የፊቱ ደብዝዞ የኋላው ከጠራ ግን ድገሙት።

ደረጃ 7፦ ቢጫው እንዳይቃጠል

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የአደይ አበባ ፎቶ ዋናው ጣጣ ይህ ነው።

ካሜራ ቀለምን የሚይዘው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነው። እንደ አደይ አበባ ያለ ሞቅ ያለ ቢጫ ቀዩና አረንጓዴው ከፍ ያሉበት፣ ሰማያዊው ዝቅ ያለበት ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ ቀድሞ ጣሪያ ይነካል። ጣሪያ የነካ ቀለም ደግሞ ዝርዝር አይይዝም። በዚያ ላይ አበባው ትንሽ፣ ዙሪያው ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል። ሜዳው ያምራል፣ አበባው ይቃጠላል።

የምታደርጉት፦

በስልክ፣ አበባው ላይ ከቆለፋችሁ በኋላ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳቧት። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ጨለም እስኪል ድረስ። "በዛ" የሚል ስሜት ከመጣ ልክ ነው።

በካሜራ፣ ሞዱን የአፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ምርጫ ላይ አድርጉት፤ በካኖን "ኤቪ"፣ በኒኮን "ኤ" ይላል። አፐርቸሩን ኤፍ 8 አድርጉ፤ ብርሃን ካነሰ ኤፍ 5.6። ኤፍ 16 ላይ አትሂዱ፣ ኋላ ያለው ሣር ሁሉ ይመጣል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 ጀምሩ። ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ እንዳይዘገይ ተከታተሉ፣ ነፋስ ካለ 1/500 ይሁን። ከዘገየ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርጉ። ትንሽ ሻካራ ፎቶ ከብዥታ ይሻላል፤ ብዥታ አይታከምም። ከዚያ የመቀነሻና መደመሪያ ምልክት ያለውን ቁልፍ ይዛችሁ ብርሃኑን ወደ -0.7 አውርዱ።

አሁን አንድ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ ቅጠሉን እዩ። የአደይ አበባ ቅጠል ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ታዩ? ተሳክቷል። ቅጠሉ ልሙጥ ቢጫ ብቻ ከሆነ ተቃጥሏል፤ ወደ -1 አውርዱና ድገሙ። ካሜራችሁ የሦስቱን ቀለም ግራፍ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቀዩን ብቻ እዩ። ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ አሁንም ቀንሱ።

አበባው ጨልሞ ጥላ ያለበት ጎኑ ከጠቆረ ብርሃኑን መልሳችሁ አትጨምሩ። ነጩን ወረቀት በጥላው በኩል አስጠጉለት። ብርሃን ይመልስለታል፣ ፀሐይ ያገኘው ጎን ግን አይነካም። ወረቀቱን ስታቀርቡና ስታርቁ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 8፦ አንሱ፣ እዚያው ፈትሹ

ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ ወይም መሬት ላይ አስደግፉ። ካሜራውን ቦርሳ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል። በስልክ ስክሪኑን አትንኩ፣ የድምፅ ቁልፉን ተጫኑ ወይም የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ። አንድ አንስታችሁ አትነሡ፤ በተከታታይ አምስት ስድስት አንሱ፣ አንዷ ነፋሱ ፋታ የሰጠባት ትሆናለች።

ከዚያ ሳትነሡ አጉልታችሁ ፈትሹ፦ መሃሉ ጥርት ብሏል? የቅጠሉ መስመር አለ? ማዕዘኖቹ ንፁህ ናቸው? ሦስቱም አዎ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። አንዱ እንኳ አይደለም ከሆነ ወደ ደረጃው ተመለሱ። ሜዳ ላይ ሆናችሁ አታጥፉ፤ ትንሽ ስክሪን ያሳስታል።

ደረጃ 9፦ ቤት ስትገቡ

ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ይበቃል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ክሮፕ አድርጉ (ዳር ዳሩን ቁረጡ)። አበባውን ግን አጥብባችሁ አታስጨንቁት፣ የሚያይበት አቅጣጫ ላይ ክፍት ቦታ ተዉለት።
2. "ሃይላይት"ን (በጣም የደመቀውን ክፍል) ቀንሱ።
3. "ሳቹሬሽን" (የቀለም ድምቀት) አትጨምሩ። ሁሉም ሰው የሚጨምረው ይህን ነው፤ በትግል ያዳናችሁት መስመር በአንዴ ይጠፋል። ላይትሩም ላይ ከሆናችሁ ቢጫውን ለብቻው መርጣችሁ "ሉሚናንሱን" (የቀለሙን ብሩህነት) ትንሽ አውርዱ፤ ቀለሙ ይጠልቃል፣ ዝርዝሩም ይቀራል።
4. ሹልነት ትንሽ ብቻ ጨምሩ፣ ያውም አበባው ላይ።

በቴሌግራም ስትልኩ "ፋይል" አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ መጀመሪያ የሚሄደውም ያ ቀጭን መስመር ነው።

ሲበላሽ

ፎቶው ሁሉ ብዥ ብሏል፣ ጥርት ያለ ቦታ የለም፦ እጃችሁ ነው የተንቀሳቀሰው። ሹተሩን አፍጥኑ፣ ክርናችሁን አስደግፉ።

ሣሩ ጠርቶ አበባው ብቻ ብዥ ብሏል፦ ፎከሱ ኋላ ሄዷል ወይም ነፋስ ነው። ከአበባው ጎን ለጎን በእኩል ርቀት ያለ ሣር ጥርት ካለ ነፋስ ነው፣ ከኋላ ያለው ብቻ ከጠራ ፎከስ ነው።

ፎከሱ ወዲህ ወዲያ እያለ አልይዝ አለ፦ በጣም ቀርባችኋል። መለስ በሉ። አሁንም ካልያዘ ጣታችሁን ከአበባው ጎን በእኩል ርቀት አድርጉ፣ ጣቱ ላይ ቆልፉና ጣቱን አውጡ።

ቢጫው አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል፦ ዙሪያውን ያለው ሣር ብርሃን እየመለሰበት ነው፣ ወይም ዛፍ ሥር ናችሁ። ነጩን ወረቀት ከአበባው ሥር ሣሩ ላይ አንጥፉ፣ ፍሬም ውስጥ ሳይገባ። ዛፍ ሥር ከሆናችሁ ውጡ።

ጤዛ የለም፣ ግን ጠብታ ትፈልጋላችሁ፦ በሚረጭ ጠርሙስ ከራቅ ብላችሁ አንዴ ብቻ ርጩ። ከበዛ ቅጠሉ ይዘነበላል፣ ጠብታው ላይም ፀሐይ ነጭ ነጥብ ትሠራለች።

ሌንሱ ጉም ለበሰ፦ ከቀዝቃዛ ሜዳ ሙቅ መኪና ወይም ቤት ስትገቡ ይመጣል። በጨርቅ አትፈትጉት። ካሜራውን ከመግባታችሁ በፊት ፌስታሉ ውስጥ አሥራችሁ አስገቡ፣ ሙቀቱን እስኪለምድ ተዉት፣ ከዚያ ክፈቱት።